ለእኛ የተቸከለው ፓርኪንግ

በዚህ ዓለም ላይ እንደ ምክር በነጻ የሚታደል ነገር የለም። ጎረቤታችሁን ጨው ብትጠይቁት «አልቆብኛል» ሊል ይችላል፤ ምክር ግን ሳትጠይቁት ቤታችሁ ድረስ ያመጣላችኋል። የቀደሙት ሰዎች «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለው ስለማይሰማው ሰው አስበዋል። አንድ ነገር ግን የዘለሉ ይመስለኛል። ተመካሪው እሺ ብሎ የተባለውን በሙሉ ቢፈጽመውስ? ያን ጊዜ መካሪው የት ይግባ? ይህ ጥያቄ የመጣብኝ እዚሁ ናይሮቢ፣ አማካሪ ከሆንኩ በኋላ ነው።

አማካሪ ስላችሁ ደመወዝ ያለው እንዳይመስላችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃና የዘላቂ ልማት ትምህርት ማዕከል አለ፤ እኛ የዚያ ማዕከል አማካሪ ቦርድ ነን። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡት ፕሮፌሰር ኦቲዬኖ ናቸው፤ ጭንቅላታቸው እንደ ወጣት፣ ጉልበታቸው እንደ ዕድሜያቸው። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ኢስትሊ ውስጥ ሆቴልና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ያገሬ ሰው ናቸው፤ ማዕከሉ ውኃ ሲቸግረው ታንከር ገዝተው ስለሰጡ ነው ቦርድ የገቡት። እኔ ኪሌሌሽዋ እየኖርኩ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የምሠራ፣ «ዘላቂ» የምትለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምጽፋት የማላውቅ ሴት ነኝ። ሌሎችም አባላት አሉ። ኬንያ ውስጥ ግን በስብሰባ ላይ ከጸሎቱ ቀጥሎ የሚመጣው «አፖሎጂ» ነው፤ የቀሩት ሰዎች ይቅርታ በስም በስማቸው ይነበባል። ሌሎቹን የማውቃቸው በዚያ ነው።

የማዕከሉ ዳይሬክተር ዶክተር ዋንጂኩ ትባላለች። ትዕግሥቷን አልነግራችሁም። እኛ ሳምቡሳችንን እየበላን የፀሐይ ኃይል ይተከል፣ የዝናብ ውኃ ይጠራቀም፣ ቆሻሻ ይለይ ስንል ሁሉንም አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማለች። በጀት ስለሌለ ከተባለው አንዱም አይሆንም፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ያላት ሀብት አንድ ነው። ከማዕከሉ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ ድሮ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ መሬት ላይ ከተማሪዎቿ ጋር የተከለችው ያገር ዛፍ ሁሉ አድጎ ጥላ ሆኗል። የአንደኛ ደረጃ መምህራን ከየአውራጃው እየመጡ፣ ልጆችን ስለ አፈርና ስለ ውኃ እንዴት እንደሚያስተምሩ የሚማሩት እዚያ ጥላ ሥር ነው። ያ ባይኖር ማዕከሉ ሁለት ክፍልና አንድ ፕሮጀክተር ብቻ ነበር።

ታዲያ እኛ ስለ አየር ንብረት ከማውራታችን በፊት በየስብሰባው የምናነሳት አንዲት ጉዳይ ነበረችን፤ መኪና ማቆሚያ። ግቢው ጠባብ ነው። ፕሮፌሰሩ መኪናቸውን ሩቅ አቁመው እያነከሱ ይመጣሉ። ጋሽ ታደሰ ደግሞ የዕድሜ ልካቸውን ሠርተው የገዟት ነጭ መኪና በር ላይ ቆማ ሳለች አንድ የጭነት መኪና መስታወቷን ገንጥሎባት ሄዷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬው ስለ በረሃማነት ሲናገሩ እንኳ መጨረሻው መስታወቱ ጋ ነው። ሁላችንም አጀብናቸው። ምን ነበረበት፤ ከመቼ ወዲህ ነው የእኛ ቃል ተሰምቶ የሚያውቀው?

አንድ ጠዋት ለስብሰባ ስንደርስ ዶክተር ዋንጂኩ ከዛፎቿ መሐል ቆማለች። ከዛፍ ዛፍ ችካል ተቸክሏል፣ ቀይ ፕላስቲክ ተወጥሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ፓርኪንግ።»

«የማን?»

«የእናንተ» አለች። «አስተዳደሩ፣ ቦርዱ አጥብቆ ስለጠየቀ ነው ብሏል።»

ክው አልን። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይኼው ነው። ዶክተር ዋንጂኩ ተቆጥታ ቢሆን ይሻል ነበር፤ እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ተቀጣሪ ነኝ፤ ብናገር የሚሰማኝ የለም። እናንተን ይሰማሉ፤ አያችሁ፣ ሰምተዋችኋል። እነዚህ ከተቆረጡ ለሚመጡት መምህራን ምን ላሳያቸው? ፎቶ?» አለች። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ፕሮፌሰሩ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም አሉ። ጋሽ ታደሰ ከዚህ ቀደም ሰብሳቢውን ተቃውመው አያውቁም። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ፕሮፌሰር፣ ኮሚቴው እስኪቋቋም ዛፉ ከሰል ሆኖ ይሸጣል» አሉ። «በእኛ ባህል እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሽማግሌ ይሄዳል። ቁጭ በሉ ሲሉን አንቀመጥም። ጠጡ ሲሉን አንጠጣም። የመጣንበት ጉዳይ ካልሆነ ቆመን እንውላለን።»

ፕሮፌሰሩ ጉልበታቸውን አሻሹና፣ «ሳዋ፣ እሺ፣ እንሂድ» አሉ።

ሦስታችን ቢሮው የሄድንበት የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ምክትል ኃላፊ ሱፉ የተተኮሰ፣ ጨዋ ሰው ነው። «ካሪቡኒ! ቁጭ በሉ፤ ሻይ ይምጣ» አለን። ቆምን። ሻዩ መጣ፤ ቆምን። ለካ ሰውየው የፕሮፌሰሩ ተማሪ ነበር፤ መምህሩ ቆመው እሱ መቀመጥ አልቻለምና እሱም ተነሣ። አራት ትልልቅ ሰዎች አራት ባዶ ወንበር ከበን፣ ሻዩ ዐይናችን እያየ ቀዘቀዘ።

«ፕሮፌሰር፣ ጉልበትዎ...» አለ ምክትሉ ተጨንቆ።

«ጉልበቴ አይቁረጡ ይልሃል» አሉት።

«ግን እኮ ፓርኪንጉ ለእናንተ ነው! በየስብሰባው የጠየቃችሁት እናንተ ናችሁ!»

«አንፈልግም» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«መኪናችሁስ?»

ጋሽ ታደሰ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ነጯ መኪና ግማሽ ጎማዋን ሣር ላይ አውጥታ ቆማለች። አይተዋት አይተዋት ሲያበቁ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የቦርዱ ሰው ወደዚህ ግቢ በመኪና አይመጣም» አሉ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ማንም። ሽማግሌ ሆኖ ከሄዱ በኋላ ግን ማፈግፈግ የለም።

ምክትሉ ፈገግ አለ። «በዝናቡም?»

«በዝናቡም።»

«እሺ፤ እስከ ትምህርት ተርሙ መጨረሻ አያለሁ። አንድ ቀን እንኳ የቦርድ መኪና በሩን ካለፈ ግን ሥራው ይጀመራል።»

ያን ጊዜ ተቀመጥን። ሻዩን እንደ ቀዘቀዘ ጠጣነው።

እንግዲህ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ የማያውቅ ሰው ናይሮቢን አውቃለሁ እንዳይል። ሙዚቃው ጥርስ ያነቃንቃል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፤ የሰው ክርን ጎናችሁ ውስጥ ይገባል። ጋሽ ታደሰ ከኢስትሊ መሐል ከተማ በአንዱ፣ ከዚያ በሌላው ይመጣሉ። ከዩኒቨርሲቲው በር ማዕከሉ ድረስ ደግሞ ዳገት አለ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሁለቴ ብቻ ነው፣ ይሰለቻቸዋል ብዬ ነበር። ሰውዬው ግን አንድ ስብሰባ አላጓደሉም። ፕሮፌሰሩም ቢሆኑ ዳገቱ ሲከብዳቸው ዋዜማውን ግቢው ውስጥ ከሚኖር የቀድሞ ባልደረባቸው ቤት ማደር ጀመሩ። በአፖሎጂ የሚታወቁት አባላትማ አፖሎጂያቸውን አጠናክረው ቀጠሉ።

የተርሙ የመጨረሻ ስብሰባ ቀን የናይሮቢ ሰማይ ተቀደደ። እኔና ጋሽ ታደሰ ከማታቱ ወርደን ዳገቱን ስንጀምር ያ ጥቁር ጭቃ ጫማችንን እየጎተተ ያስቀርብን ነበር። ጃንጥላዬ ተገለበጠ። የሳቸው ሱፍ ውኃ ጠጥቶ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ይሄኔ አንድ መኪና ከኋላችን መጥቶ አጠገባችን ቆመ፤ መስታወቱ ወረደ፤ ምክትሉ ነው።

«ፖሌ ሳና፣ ምዜ» አለ፤ «በጣም አዝናለሁ፣ አባቴ» ማለቱ ነው። «ግቡ፣ ላድርሳችሁ። ይሄ የእኔ መኪና ነው፤ የቦርድ አይደለም» አለ። ከልቡ አዝኖ ይሁን ሊፈትነን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እጄ ግን ወደ በሩ ሄዷል።

ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉ። «ደርሰናል።»

ማዕከሉ ከዳገቱ ማዶ ነው፤ ጣራው እንኳ አይታይም። ምክትሉ ሽማግሌውን አየ፣ ዳገቱን አየ፣ ጫማቸውን አየ። «ሳዋ፣ ምዜ» ብሎ ጭቃ እንዳይረጨን ቀስ እያለ ነድቶ ሄደ።

በማግሥቱ ዶክተር ዋንጂኩ ደወለች። ችካሎቹ ተነቅለዋል። እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች፣ በስልክ አይለይም ነበር።

ጋሽ ታደሰ ጋ ስደውል ባለቤታቸው አነሡት፤ ሰውዬውን ጉንፋን ጥሏቸዋል። ብርቱካን ይዤ ኢስትሊ ሄድኩ። በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው አገኘኋቸው፤ አፍንጫቸው ቲማቲም መስሏል።

«አንቺ ልጅ፣ ብርቱካኑን ተዪውና ንገሪኝ፤ ነቀሉት?»

«ነቀሉት ጋሼ። ጨርሰው ነቅለውታል።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር። ትንሽ ላጽናናቸው ብዬ፣ «ተርሙ እኮ አልቋል፤ ከእንግዲህ መኪናዎን ይዘው ቢመጡ ማንም አይከለክልዎትም» አልኳቸው።

አንድ ዐይናቸውን ገልጠው እንደ ባዳ አዩኝ። ሳሉ፣ ደግመው ሳሉ።

«ለዋንጂኩ ንገሪልኝ» አሉ። «የሚቀጥለው ስብሰባ ዝናብ በሌለበት ወር ይሁንልን።»