ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ይዤው የምዞር አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ያ የትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ለምን አንድም ቀን አልተከፈተም? ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በኮምፒዩተር ተመርቄ ስወጣ እንኳ መልሱን አላገኘሁም። ፈተና ላይ አልመጣማ።

እርግጥ ነው፣ እኛ የወደድነውን ዕቃ መሸፈን እናውቅበታለን። እስቲ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩት። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ሪሞቱ ከተገዛበት ላስቲክ ገና አልወጣም፤ ላስቲኩ ስለደበዘዘ ድምፅ የሚጨመረው በዳበሳ ነው። ሶፋው ላይ አንሶላ ተደርቧል፤ የሶፋውን ትክክለኛ ቀለም የሚያውቀው የሸጠው ነጋዴ ብቻ ነው።

ምዕራብ ዓባያ በተማርኩበት ትምህርት ቤትም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ኮምፒዩተሩ በእርዳታ የመጣ ዕለት ዘምረን ተቀበልነው። ከዚያ ክፍላችን ጥግ ተቀመጠና የሳይንስ መምህራችን የመምህር ሳሙኤል ባለቤት የሠሩለትን ነጭ ዳንቴል ለበሰ። መምህር ሳሙኤል ግን ኮምፒዩተር አስተማሩን! ካርቶን ላይ ኪቦርድ በእስክሪብቶ ሥለው ያመጡና በየተራ ጣታችንን እያስቀመጥን እንጫናለን። የጻፍነው ቃል የሚታየው ለእሳቸው ብቻ ነው። “አንድ ፊደል ዘለልሽ” ይሉኛል፤ አጥፍቼ እንደገና እጀምራለሁ። ካርቶን ላይ ማጥፋት ቀላል ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ትምህርት ኋላም አልገጠመኝም። ዳንቴሉን ለምን እንደማይገልጡት ግን አፍሬ መጠየቅ አልቻልኩም። ከኋላ ወንበር፣ ከመጽሐፍ ጀርባ ተደብቆ እጁን የሚያወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዛሬ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ተመርቀን ሥራ የምንጠብቅ ጥቂት ልጆች አንዲት ክፍል አለችን። መሥሪያ ቤቶች አርጅቷል ብለው የሚሰጡንን ኮምፒዩተር እንፈታለን፣ እናጸዳለን፣ ከሦስት በሽተኛ አንድ ጤነኛ እናወጣለን። ከዚያም መግዛት ለማይችል ሰው እንሰጠዋለን። ደንብ ግን አለን። ከሦስት ወር በኋላ ቅጽ እየተሞላ ይጣራል፤ ካልተሠራበት ተወስዶ ለተረኛ ይሰጣል።

ካመለከቱት ሰዎች አንዱ መምህር ሳሙኤል ሆነው አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተው እዚሁ አርባ ምንጭ አጠገብ ጫኖ ገብተዋል። እናታቸው እንሰት ሲፍቁና ጥጥ ሲፈትሉ ይናገሯቸው የነበሩ፣ የዛሬ ልጆች የማያውቋቸውን የጋሞኛ ቃላት በሰባት ደብተር ሰብስበዋል። ዓይናቸው ግን እየደከመ የገዛ ጽሑፋቸውን ማንበብ አቅቷቸዋል። ጨርሶ ሳይጨልምባቸው፣ ስክሪን ላይ ፊደሉን አግዝፈው ሊገለብጡት አስበዋል። ኮምፒዩተራቸውን በገዛ እጄ አዘጋጀሁ፣ አሳምሬ ጠረግሁ፣ ስሜን ጽፌበት ለባጃጅ ሰጥቼ ላክሁላቸው። ራሴ ላደርስ አስቤ ነበር። አፈርኩ።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ግን ናፍቆቱ ከዕፍረቱ በለጠና ቅጼን ይዤ ሄድኩ። ቤታቸው ሙዝ መሐል ናት። ኮምፒዩተሩ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ሰባቱ ደብተሮች አጠገቡ እንደተቆለሉ ናቸው።

ደህና ይሠራ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጌታ ይመስገን፣ በጣም ጥሩ ነው አሉኝ። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ማንጎ አቀረቡልኝ። ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይሠራበታል ወይስ አይሠራበትም? “አይሠራበትም” ካልኩ ዕቃው ከእኔ ጋር ይመለሳል፣ ቃላቱም ደብተር ውስጥ ይቀራሉ። መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ሲከፈት ማየት እንዳለብኝ ነገርኳቸው።

መምህር ሳሙኤል የዳንቴሉን ጫፍ አስተካከሉ።

“ቲቸር፣ ንገራት በቃ” አሉ እትዬ ማርታ። ባላቸውን እሳቸውም እንደ እኛ ነው የሚጠሯቸው። “ከመጣ ጀምሮ ጢጥ ጢጥ ከማለት በቀር ምን ሠራ?”

መምህር ሳሙኤል ጥፋት የተገኘበት ተማሪ መሰሉ። “ስሚ ልጄ፣ ደክመሽ የሠራሽውን አይሠራም ብዬ በጓደኞችሽ ፊት ላሳፍርሽ? ቀኑ ሲደርስ ትወስዱታላችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።”

ያን ጊዜ ጥያቄዬ ከአፌ አመለጠኝ። “የትምህርት ቤቱስ፣ ቲቸር?”

ሳቁ። “እሱማ ሞቶ ነው የመጣው። ሰጪዎቹ ደጅ ላይ ፎቶ እየተነሡ፣ እናንተ እየዘመራችሁ፣ ሞቷል ልበል? አለበስኩት።”

ኮምፒዩተሩን ፈታሁት። ባጃጁ በመንገድ ሲያንገጫግጨው ራሙ፣ ማለትም ከውስጥ ያለችው ጣት የምታክል ሰሌዳ፣ ከቦታዋ ተናግታለች። ላጲስ ለመንኳቸው። የሰሌዳዋን ጥርሶች በላጲስ አሸት አሸት አድርጌ መለስኳት። ስክሪኑ በራ። ለሦስት ወር ዝምታ መድኃኒቱ ይኸው ነበር። ፊደሉን አገዘፍኩላቸው፤ በአንድ ጣት የመጀመሪያዋን ቃል ጻፉና “አንድ ፊደል ዘለልኩ መሰለኝ” አሉ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። የዚያኛው፣ የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር በሽታም ይህ ቢሆንስ? ሃምሳ ልጆች ነበርን፤ እንዳይጠፋብን ላጲሳችንን በክር አንገታችን ላይ አንጠልጥለን የምንማር።

ሰጪ ምስጋናውን ይዞ ይሄዳል፤ ተቀባይ በይሉኝታ ዝም ይላል። ዕቃው መሐል ላይ ሞቶ ይቀመጣል። እኔም ከሰጪዎቹ አንዷ ነኝ ለካ።

አሁን “ይሠራበታል” ላይ ምልክት አድርጌ መመለስ እችል ነበር። አላደረግሁም። “ሦስት ወር ሙሉ አልሠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዛሬ ተጠግኗል” ብዬ ጻፍኩ። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር ግን አለ። ከዚህ በፊት አሥራ አንድ ቅጽ ሞልቻለሁ፤ ሁሉም ላይ “ይሠራበታል” ይላል። ሰው ቤት መሄድ ስለማፍር የጠየቅኋቸው በስልክ ነበር። አሥራ አንዱም “ጌታ ይመስገን፣ በጣም ጥሩ ነው” ብለውኛል።

ከነገ ጀምሮ አሥራ አንዱንም ቤት አንኳኳለሁ።