ሰው ተሸክሞ የመጣው ድንጋይ

ዛሬ እሑድ ረፋዱ ላይ ጋደም ብዬ ያየሁትን ሕልም ሳልረሳው ላውጋችሁ። አንድ ትልቅ ቀይ ድንጋይ፣ ጋሽ አየልኝን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ እርቅ ሊለምን በራችን ላይ ቆሟል።

በኛ አገር ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል እንጂ ድንጋይ ሰው ተሸክሞ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ደግሞም የተሸከማቸው ሰው ዝም ብሎ ሰው አይደሉም፤ ላገባት የምፈልጋት የምንታምር አባት ናቸው። ባለፈው ሽማግሌ ስልክባቸው «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ። «ከድንጋይ የውሃ ቀለም ይሠራል» ተባሉ። «ታዲያ ልጄን ምን ሊያበላት ነው? ድንጋይ?» ብለው ሽማግሌዎቹን አሳቁብኝ። በመጨረሻም ዛሬ እኛ ቤት ምሳ ቀምሰው ቁርጡን ሊነግሩን ቀጠሮ ሰጡ። ምንታምርን ከከለከሉኝ እኔ አለቀልኝ፤ ይኼን ከወዲሁ እወቁልኝ።

«ይቅር በለኝ» አለ ድንጋዩ።

«ምን አጠፋህ?»

«ስትፈጨኝ አቧራዬ አስነጥሶሃል።»

«ይማርህ!» አሉ ጋሽ አየልኝ ከላይ ሆነው። ለኔ ይሁን ለድንጋዩ አልገባኝም።

ይቅር አልኩት። እሳቸውን አወረደና ክንዴን ያዘኝ፤ በምን እጁ እንደያዘኝ አትጠይቁኝ። ወዲያው ወንዝ ዳር ነበርን። ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል። ንቦች ማር በጄሪካን ይዘው ለአበቦች ያድላሉ። ግራሮቹ ተደርድረው የራሳቸውን ሙጫ እንደ ማስቲካ ያኝካሉ። ሰዉ ሁሉ ዳር ዳሩን ተጋድሟል፤ ድንጋዮች ደግሞ ዘንቢል አንጠልጥለው በመሃሉ እየተዘዋወሩ ሰው ይለቅማሉ።

እኔ ድንጋይ ስመርጥ እንትፍ እልበትና ሻካራ ዓለት ላይ ጫር አደርገዋለሁ። ቀለም ካለው መሥመር ይተዋል። እነሱም ሰዉን እንትፍ እያሉ ዓለቱ ላይ ይጭሩት ጀመር። አንድ ልብስ ሰፊ ተጫሩና ቆንጆ አረንጓዴ ወጣቸው። አንድ ከረባት ያሰረ ሹም ተጫረ፤ ምንም የለም። «ይኼ ላይ ላዩን ነው የተቀባው» ብሎ ድንጋዩ ወደ ወንዙ ወረወረው። ሰውዬው ውሃው ላይ ነጠር ነጠር እያለ ማዶ ደረሰ፤ ከረባቱም አልረጠበም። ጋሽ አየልኝ ሲጫሩ ግን የሚያበራ ቢጫ አወጡ።

«አያችሁ? እናቴ ድሮም ወርቄ ነበር የምትለኝ!» አሉና ደረታቸውን ነፉ።

ተራዬ ደረሰ። ገና እንትፍ ሲሉብኝ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዬ ከተጋደሙበት ቀና ብለው ጮኹ፤ «በሱ አትድከሙ! ቀለም አይዘልቀውም!»

«ያልዘለቀው ቀለም ከየት ይወጣል?» አለ አንዱ ድንጋይ ግራ ተጋብቶ።

«ተፈጭቶ ይታያ!» አለ ሌላው።

መጀመሪያ ግን ወግ ነውና ቤተሰብ ይጠየቅ ተባለ። አክስቴ እትዬ ደብሪቱ ወንዙ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ድንጋዮቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊቷ ቆሙ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«ልጃችሁ ምን ታበላዋለች?» አለች አክስቴ።

«ሰው።»

አክስቴ ትንሽ አሰበችበት። «አልጫ ነው ቀይ?»

«እንደወደደው።»

«እንግዲያው ይሁን» ብላ መረቀችኝ። ጉድ እኮ ነው፣ የገዛ አክስቴ!

ወፍጮው ላይ አጋደሙኝ። መጁን ያነሡት ጋሽ አየልኝ ናቸው። «በደንብ ይድቀቅ! ቅንጣት ከቀረ ወረቀቱ ላይ ይሻክራል!» ይላሉ ድንጋዮቹ፤ እኔ ራሴ በየቀኑ የምለው ነው። መጁ ሲመላለስብኝ አላመመኝም፤ ይልቅ ኮረኮረኝና በሳቅ ፈረስኩ። ውሃ ውስጥ በጠበጡኝ፣ ዝቃጬን ለዩልኝ፣ በሻሽ አጠለሉኝ። የግራር ሙጫና ማር ጠብ አድርገው አሹኝና ቀንድ አውጣ ዛጎል ውስጥ ሞሉኝ። ጋሽ አየልኝ ብሩሻቸውን አርጥበው አናቴ ላይ ደቀኑ።

«አሁን እውነቱን ተናገር። ልጄን ምን ታበላታለህ?»

ጮማ ልል፣ ማር ልል፣ ክትፎ ልል ፈለግሁ። አፌ በሙጫ ተጣብቋል። ታገልኩ፣ ታገልኩና በመጨረሻ ድምፄ ፈንድቶ ወጣ።

«ድንጋይ!»

የራሴ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። አክስቴ በሽንኩርት እጇ አፌን ግጥም አድርጋ ይዛለች።

«ዝም በል! ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«ቀስ በል፣ ሳሎን ናቸው፤ ይሰሙሃል። ስቀሰቅስህ አልነቃ ስትለኝ ‹አሞታል› ብዬ ብቻቸውን አቀረብኩላቸው። ልጄ ይስማው፣ ያ መስኮቱ ላይ ያሰጣኸው ቀይ ዱቄት...»

«እሺ?»

«በርበሬ መስሎኝ ወጥ ሠራሁበት። አሁን በርበሬዬን ጣሳው ውስጥ እንዳለ አገኘሁት። ‹አፈር ስሆን ይብሉልኝ› እያልኩ በእጄ አጉርሻቸዋለሁ እኮ!»

«አንቺማ ምን ትሆኛለሽ፣ አፈሩንስ እሳቸው በሉት!»

ከሳሎን የጋሽ አየልኝ ድምፅ መጣ። «እትዬ ደብሪቱ! ይኼን በርበሬ ከየት ነው የሚያመጡት? ጨጓራዬ እኮ ኮሽ አላለም! እንዲህ የሚበላበት ቤት ልጄን ብከለክል እግዜርም ይታዘበኛል!»

ልቤ በደስታ ዘለለች፤ ግን የበሉት ድንጋይ ነው። «ልንገራቸው» አልኩ። «ዋ! ትናገርና!» አለች አክስቴ። አላስቻለኝም። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ እግራቸው ላይ ልወድቅ በጓሮ በር ሮጥኩ።

ጓሮው ባዶ ነው። ዓመቱን ሙሉ የለቀምኩትን ድንጋይ ሁሉ ፈጭቼ ጨርሼዋለሁ። የቀረችኝ ያቺ ቀይ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ጋሽ አየልኝ «እስቲ ከመረቁ ጨመር አድርጉልኝ» እያሉ እየበሏት ነው።