የጅቡ ዋስ

የጻድቅ ታሪክ ለአዋቂ መተረክ ቀላል ነው። አዋቂ ይሰማል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ወጥቶ ከጎረቤቱ ጋር በእርሻ ወሰን ይካሰሳል። ጉዱ ለልጅ ስትተርኩ ነው። ልጅ የሰማውን ይሠራበታል።

ልጄ ካቶሊክ አግብታ አዲስ አበባ ትኖራለች። ባለፈው ክረምት የሰባት ዓመት ልጇን ሶስናን ጋፋት አጠገብ ወዳለው ቤቴ ላከችልኝና፣ የአባቷ ወገኖች የሚያከብሩትን የቅዱስ ፍራንቸስኮስን ገድል እንዳስተምራት አደራ አለችኝ። ጎረቤቴ ቄሱ፣ የእኛ ጻድቃን አልቀው ነው ወይ ብለው አኮረፉኝ። እኔ ግን አደራ አልበላም።

ገድሉ አጭር ነው። ሰው የሚበላ ተኩላ ከተማ ሲያስጨንቅ ጻድቁ ብቻውን ወጥቶ «ወንድሜ» ብሎ አነጋገረው፤ ከሰዉም ጋር አስታረቀው። ታሪክ መቼም ማጣፈጫ ይፈልጋል። ተኩላውን ጅብ አደረግሁት፤ ቁመቱን የበቅሎ፣ ከተማውን የእኛን ደብረ ታቦር። ጻድቁንም በጉና ተራራ በኩል፣ በዚያ ብርድ፣ በእግሩ አመጣሁት። እርቁ ላይም ዋስ ጨመርሁበት። ያለ ዋስ ምን እርቅ አለ?

በማግስቱ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ልጅቷ ከቤት ጠፋች። ጉም አጥሩን ውጦታል። ውሾቹ አልጮሁም፤ ጠጉሬን ያቆመው ይኸው ነው። በሩ ላይ ስደርስ ሶስና መንገዱ ላይ ቆማለች። ክንዷን ብትዘረጋ በምትነካው ርቀት ጅብ ቁጢጥ ብሏል። የበቅሎ ቁመት ነበረው ብል አታምኑኝም። ነበረው።

«ወንድሜ፣» አለችው፣ «የማንንም በግ አትነካም። እኛም እናበላሃለን።»

ጅቡ አልተነቃነቀም።

«ዋስ ትፈልጋለህ?» አለችና ዞር ብላ በጣቷ ጠቆመችኝ። «አባባ ናቸው።»

ያን ጊዜ ዓይኑን ከእሷ አንስቶ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ቆይቶ፣ ሳይቸኩል፣ ጉሙ ውስጥ ገባ።

አቅፌ ሳስገባት «አባባ፣ ምን ያንቀጠቅጥዎታል?» አለችኝ። «ተስማምቷል እኮ።»

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን አንድ በግ አልጠፋም። ቄሱ ሳይቀሩ ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቀው፣ የዚያ የፈረንጅ ጻድቅ በዓሉ መቼ እንደሚውል ጠየቁኝ። ሶስና ወደ ከተማዋ ተመለሰች። እኔ በየምሽቱ ከሥጋ ቤት የለመንሁትን አጥንት፣ ለረቡዕና ለዓርብም አስቀርቼ፣ በሩ ላይ አኖራለሁ፤ ጠዋት የለም።

አሁን ዐቢይ ጾም ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፤ እስከ ፋሲካም አይከፈትም። ዛሬ ጨነቀኝና ደውዬ፣ እባክሽ ከጅቡ አማልጅኝ፣ ጾም ነው በይልኝ ብዬ ሶስናን ለመንኋት።

«አባባ፣ ያስታረቀው የእኛ ጻድቅ ነው። የእናንተን ጾም ምን ብሎ ይጾማል?»

ስልኩን ዘጋሁ። ጀምበሯ እያዘቀዘቀች ነው። ዋስ ሆኖ መደበቅ ደግሞ በአገራችን ነውር ነው፤ ጋቢዬን ደርቤ ልወጣ ነው።