በሬ የሌለው ሰው ኢንሹራንስ

ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቆቦ ከተማ የነበረን ሀብት የአባቴ አሮጌ የጭነት መኪና፣ አንዲት ኤንትሬ ብቻ ነበረች።

ለመሆኑ አንባቢዬ፣ ርካሽ ኢንሹራንስ የሚፈልግ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እንደሱ ትሑት ፍጡር የለም። አባቴ ደሴ ድረስ ሄዶ ለኢንሹራንስ ቢሮው ዘበኛ ሳይቀር እጅ ነሳ። ጸሐፊው ግን የመኪናዋን ሊብሬ ገልጦ አየና፣ «ጓድ፣ መኪናዎ እኮ እኔን በዕድሜ ትበልጠኛለች» አለው። የጠራለት ክፍያም መኪናዋን ራሷን የሚያሸጥ ሆነ።

ያለ ኢንሹራንስ ሲሠራ ከርሞ፣ ክረምት ላይ ዋጃ ከተማ ሳይደርስ ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ጎርፍ መጣበት። አባቴ ዘሎ ወጣ፤ የስድስት ልጆቹ እንጀራ ግን እስከ መስኮቷ በአሸዋ ተቀበረች።

እኛ አገር የአንዱ በሬ እግሩ ሲሰበር ይታረድና ጎረቤት ሥጋውን በቅርጫ፣ በየመደቡ ተከፋፍሎ ይገዛዋል፤ ባለቤቱም ሌላ በሬ ይተካበታል። አባቴ «በሬ የለኝ፣ እኔን ምን አገባኝ?» እያለ አንድም ቀን መደብ ወስዶ አያውቅም። ስለዚህ እነዚያው ጎረቤት ገበሬዎች ሊረዱት ሲመጡ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው አባ ሰይድ መኪናዋን ዞረው አይተው፣

«ሥጋ ቢኖራት እንካፈላት ነበር» አሉ። «ከሌላት እንግዲህ እናውጣት።»

አሸዋውን ዝቀው፣ አሥራ ሁለት ጥማድ በሬ አሰልፈው ጎተቷት። ወጣች፣ አልሐምዱሊላህ። ዕድሜዋን የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የማንም በሬ ሲሰበር አባቴ መደቡን ይወስድ ነበር። ሐኪም ሥጋ ከከለከለውም በኋላ ይወስድ ነበር።