ያቺን ጉብታ ዞር እንዳልን

በባሕር ዳርቻ መንገድ በእግሩ የሚወጣ ቡድን ሁሉ ከፊቱ አንድ ውሸታም አለው። ካርታ ሊቀር ይችላል፣ ካልሲ ሊረሳ ይችላል፣ ውሸታሙ ግን አይቀርም። ይህ ሰው ሁልጊዜ ከሌላው ቀድሞ ይሄዳል፣ አይደክመውም፣ በእሱ አፍ ሁልጊዜ ልንደርስ ነው። የእናንተን አላውቅም። የእኛዋ ፊታውራሪ ብራይድ ኬሪን ትባላለች።

ፊታውራሪነቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሰባውን ካለፈች ሰንብታለች፣ ቁመቷ ከትከሻዬ አይበልጥም፣ ቢጫው የዝናብ ካፖርቷም ከእሷ ቀድሞ አርጅቷል፤ ከፊት ሆና ስትመራ ግን የምንዘምት ነው የሚመስለው። ቦርሳዋ ላይ ጥላሸት የጠገበ የሻይ በራድ ተንጠልጥሎ ቋ ቋ ይላል። ጭጋግ ወርዶ የኋላው ሰው የፊቱን ማየት ሲያቅተው የምንከተለው ያንን ድምፅ ነው። በእኛ በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ መንገድ ወጥቶ እሳት አንድዶ ሻይ ሳያፈሉ መመለስ እንደ መንገድ አይቆጠርም። ስለዚህ መሪ ማለት በራዱን የያዘ ሰው ማለት ነው። ምርጫ የለም፣ ስብሰባ የለም፤ በራዱ ካለህ ሰው ይከተልሃል።

የፊታውራሪ ቋንቋ ለብቻው ነው። ገደሉን ይዞ ሽቅብ የሚወጣው፣ ፍየል እንኳ ቆም ብላ የምታስብበት መንገድ «ዳገት አይደለም፣ መሬቱ ትንሽ ቀና ብሎ ነው» ይባላል። የጎረቤታችንን የሂዩበርትን ባርኔጣ ነጥቆ ወደ አየርላንድ የላከው ነፋስ «ትንሽ አየር» ነበር። እስከ ውስጥ ልብሳችን የዘለቀው ዝናብ «እርጥበት» ነው። ስንት ቀረን ብሎ ለጠየቀ ደግሞ መልሱ ከድሮ ጀምሮ አንድ ነው። እጇን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ያቺን ጉብታ ዞር እንዳልን ነው!» ትላለች።

ጉብታዋን ዞር እንላለን። ከጀርባዋ ሌላ ጉብታ አለ።

«ብራይድ፣ ይቺ አይደለችም እንዴ ያልሽን?» እላለሁ።

«ይቺማ እህቷ ናት፣ ሎሬታዬ። እኔ ያልኩሽ ያችኛዋን ነው።»

የዚህ ዳርቻ ጉብታ ዘመድ ብዙ ነው። እህትማማቾቹን ጨርሰን ወደ አክስቶቹ የተሻገርንበት ቀን አለ።

አንድ ሰኔ ጭጋጉ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖን የገዛ ጫማዬን ማየት አቅቶኝ ነበር። ፊታውራሪ ግን ገደሉ አፋፍ ላይ አሰልፋ አስጎበኘችን። «እዚያ፣ በእጄ ትይዩ፣ የበረዶ ተራራው አለ። ሰማያዊ ነው። ከሥሩ ደግሞ ዓሣ ነባሪዋ ከነልጇ!» እኛም አፋችንን ከፍተን ነጩን ጭጋግ አደነቅን። ሂዩበርት ብቻ፣ «እኔ ምንም አይታየኝም» አለ።

«አንተ ጭጋጉን ነዋ የምታየው! እሱን አልፈህ እይ እንጂ!» አለችው።

የሚገርመው ቤት ስገባ ስለ ዓሣ ነባሪዋ ልጅ ለባሌ አወራሁለት። ቀለሙ ምን እንደሚመስል ሳይቀር ነገርኩት።

ከቶሮንቶ የመጡትን ሙሽሮችማ እንዴት እረሳለሁ? ሰዎቹ ከመኪናቸው ወርደው የጠየቁት መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ ነበር። «ያቺን ጉብታ ዞር እንዳላችሁ ነው፣ ኑ አብረን እንሂድ» አለቻቸው። ቀኑን ሙሉ አብረውን ሄዱ። ስንመለስ ሙሽራው አንድ ጫማውን ለረግረጉ ገብሮ፣ ሙሽሪት የብራይድን ሹራብ ለብሳ፣ ሁለቱም እንደ ሰከረ ሰው እየተደጋገፉ ይስቁ ነበር። ዛሬ እዚሁ መንደራችን ቤት ገዝተው ይኖራሉ። መጸዳጃ ቤቱን አግኝተውት እንደሆነ ግን ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም።

የፊታውራሪ ባላጋራ ክቡር አቶ ሂዩበርት ፒንሰንት ነው። ሂዩበርት ጡረታ የወጣ መሬት ቀያሽ ሲሆን ሲፈጥረው መዋሸት አይችልም፤ ሰው ሻይ የማይጠራውም ለዚሁ ነው። የቀረውን መንገድ ልክ የምትናገር መሣሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ፊታውራሪ «ያቺን ጉብታ» ባለች ቁጥር ከኋላ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ብራይድ። ከዚያች በኋላ አምስት አሉ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ማን ጠየቀህ?»

እሷ ትቆጣዋለች፣ እኛም ደርበን እንቆጣዋለን። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዟት በራዱን ለእሱ አውሳው ነበር። ሂዩበርት መነሻው ላይ አቁሞ የሚጠብቀንን ሁሉ ዳገት በዳገት፣ ረግረግ በረግረግ፣ እውነት እውነቱን ነገረን። ሰምተን ስንጨርስ አመስግነነው ወደየመኪናችን ተመለስን።

ባለፈው የበረዶ ወራት ግን ፊታውራሪ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሙ ወንበር ላይ ተቀምጣ ባሕሩን በመስኮት እንድታይ መከራት። ባሕር በመስኮት! ለዚያች ሴትዮ! በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እንደ ልማዳችን ሳናንኳኳ ገብተን ወጥ ቤቷ ውስጥ ተሰበሰብን፤ ሂዩበርትም እንደ ልማዱ ማንም ሊል ያልደፈረውን አለው።

«ብራይድ፣ በራዱን ዘንድሮ ሌላ ሰው ቢይዘው አይሻልም?»

ብራይድ እያነከሰች ሄዳ በራዱን ከምድጃው አነሳችና ጠረጴዛው ላይ ድም አድርጋ አስቀመጠችው።

«እሺ። የዘንድሮ የመጀመሪያ መንገዳችን ስኬሊ ኮቭ ነው። በገዛ እግሬ ደርሼ እዚያ ሻይ ካፈላሁ በራዱ የእኔ ነው። ካቃተኝ ያንተ ነው፣ ሂዩበርት፣ ከነጥላሸቱ።»

ስኬሊ ኮቭን የመረጠችው በዋዛ አልነበረም። የተወለደችው እዚያ ነው። አሁን ሣርና የቤት መሠረት ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። መንግሥት የመንደሩን ሰው ሲያነሳ የእናቷን ቤት ከሥሩ ባዶ በርሜል አስረው በባሕር ላይ እየጎተቱ ወደኛ መንደር አመጡት። ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ የገዛ ቤቷ ከፊቷ ሲንሳፈፍ ያየች ሴት ናት። በራዱም የእናቷ ነበር። እዚያ መድረስ ካቃታት የምታጣው በራዱን ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

ቀኑ ደረሰ። ምን ዓይነት ቀን! ፀሐዩ ባሕሩ ላይ ይጨፍራል፣ ዓሣ ነባሪዎቹ እስትንፋሳቸውን እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ ይረጫሉ፣ ነፋሱ እውነትም ትንሽ አየር ነበር። እኛም እንደ ልጅ እየተላፋን ሄድን። ፊታውራሪ መጀመሪያ ከፊት ነበረች። ከዚያ አጠገባችን ሆነች። ከዚያ በራዱ ከኋላችን ቋ ቋ ሲል ሰማሁ። ያንን ድምፅ ከኋላዬ ሰምቼ አላውቅም።

ዞር ስል ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ይዛለች። ፊቷ ነጥቷል። ቀና ብላ አየችንና በሕይወቷ ጠይቃ የማታውቀውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ስንት ቀረን?»

ሁላችንም ሂዩበርትን አየነው። መሣሪያዋን አነሳና ተመለከተ። እውነቱ ከአፉ ሳይወጣ እግሩን ልረግጠው ተጠጋሁ። ሂዩበርት መሣሪያዋን አየ፣ የብራይድን ጉልበት አየ፣ በራዱን አየ። ከዚያ መሣሪያዋን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከተታት። ጉሮሮውን ጠረገ። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«ያቺን ጉብታ ዞር እንዳልን ነው» አለ።

ከዚያ ብራይድ ፈነዳች።

«አንተ ሂዩበርት! አንተ ዓይን አውጣ ውሸታም! ስድስት ናቸው ገና!»

ለካስ መንገዱን ከመሣሪያዋ በላይ ታውቀዋለች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ እኛም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ ሂዩበርትም ምን እንዳደረገ እየገረመው ሳቀ። እጁን ሰጣት፣ ይዛው ተነሳች፣ በራዱን አስተካክላ ወደ ፊት አለፈች።

እሷ አለፈች፤ እኛ ግን አለቅን። እህትማማቾቹን፣ አክስቶቹን፣ የክርስትና እናቲቱን ጭምር ከዞርን በኋላ እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ። አንዱ ሣሩ ላይ ዘፍ ሲል ሁላችንም ተከተልነው። ከፊት የለመድነው ድምፅ መጣ።

«ተነሱ እንጂ! ያቺን ጉብታ ዞር እንዳልን ነው!»

«ማን ያምንሻል!» ብለን በአንድ አፍ ጮህን።

«እውነቴን ነው!»

«ሁልጊዜም እውነትሽን ነው!»

ሂዩበርት መሣሪያዋን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ሰደደ፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ ባዶ እጁን መልሶ አጠገቤ ጋደም አለ። የበራዱ ድምፅ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እኛ ጫማችንን ፈትተን፣ በሞላሰስ በጣፈጠ ዳቦ የተሠራ የቦሎኛ ቋሊማ ሳንዱቻችንን አውጥተን፣ ስለ ውሸቷ እያማን በላን። «ስኬሊ ኮቭማ ገና ግማሽ ቀን ነው» አለ አንዱ። ሁላችንም ተስማማን።

መጀመሪያ ያሸተትኩት እኔ ነኝ። የጥድ ጭስ። ቀና ስል ከጉብታዋ ጀርባ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል።

ጫማችንን በእጃችን ይዘን ሮጥን። ጉብታዋን ዞር እንዳልን ስኬሊ ኮቭ እዚያው ነበር፤ ስናኝክ ሳትሰማን አልቀረችም። ብራይድ የእናቷ ቤት መሠረት ድንጋይ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። በራዱ ከፊቷ እየፈላ ክዳኑን ያስጨፍራል።

«እውነት ሲነግሩት የሚሰማ ሰው ጠፋ» አለች።

የመጀመሪያውን ኩባያ ቀድታ፣ የቆርቆሮ ወተቱን ሳትሰስት አፍስሳ ለሂዩበርት ሰጠችው። ሂዩበርት አዲሱን ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔም ኩባያዬን ይዤ ከድንጋዩ ጥግ ተቀመጥኩ። ይህችን ውሸታም ምን ያህል እንደምወዳት ያን ጊዜ ገባኝ። በራሴ እግር የትም ደርሼ አላውቅም፤ የደረስኩበት ሁሉ እሷ ዋሽታ ያደረሰችኝ ነው።

ሻዩ አለቀ፣ እሳቱ ጠፋ። ብራይድ በራዱን ቦርሳዋ ላይ አሰረችና ያ ሁሉ ጉብታ ተሰልፎ ወደሚጠብቀን መንገድ ዞረች።

«አይዟችሁ» አለች፣ «መመለሻው ቁልቁለት ብቻ ነው።»

ሂዩበርት ሳይቀር ሁላችንም አመንናት።