ምላስ የማያቀላ ከረሜላ

ሰው የኖረበት አገር ሁሉ አፉ ላይ አንድ ነገር ይተውበታል። አንዳንዱ ላይ ቋንቋውን ይተዋል። ጀርመን እኔ አፍ ላይ የተወችው ከረሜላዋን ነው። ዘጠኝ ዓመት ፍራንክፈርት ኖሬ ጀርመንኛዬ ዛሬ ከሰላምታና «ባቡሩ ዘገየ» ከማለት አያልፍም፤ ስለ ከረሜላቸው ከጠየቃችሁኝ ግን ፕሮፌሰር ነኝ። ይህን ማዕረጌን አሁን በምኖርባት፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ የሚያከብርልኝ ሰው መጥፋቱ የኔ ጥፋት አይደለም።

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። አሜሪካ የገባሁ ሰሞን ባለቤቴ ሰናይት ቻምበርስ ሮድ ካለው አፓርታማችን ሥር ከሚገኘው ሱቅ ዳቦ ገዝታ መጣች። ቆርሼ ስቀምሰው ይጣፍጣል። የማን ልደት ነው ብዬ ጠየቅኳት። የማንም አይደለም፣ ዳቦ ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ፍሪጃችን ውስጥ ያለውን ሁሉ እያወጣሁ መቅመስ ጀመርኩ። ካቻፑ ይጣፍጣል፤ ሰላጣ ላይ የሚፈሰው ይጣፍጣል፤ የታሸገው ባቄላ እንኳን ሳይቀር ይጣፍጣል። የጀርባውን ጽሑፍ ሳነብ ሁሉም ውስጥ የበቆሎ ሽሮፕ አለ። በቆሎን እኔ የማውቀው በከሰል ተጠብሶ እየተፈለፈለ ሲበላ ነው፤ ተጨምቆ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ይገባል ያለኝ ሰው አልነበረም። ጀርመኖች ስኳራቸውን የሚያወጡት ከቀይ ሥር ጋር ከሚዘመደው ነጭ ሥር ነው። እሱንም ሲጨምሩ ከእናታቸው ጓዳ የሰረቁት ይመስል እየሳሱ ነው። ከረሜላቸው መጀመሪያ ይጎመዝዛል፤ ጣፋጩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ቀለሙም ከካሮትና ከፍራፍሬ ጭማቂ ስለሆነ አፍ ላይ አይቀርም። የዚህ አገሩን ቀይ ከረሜላ የበላ ልጅ ግን ምላሱን ሲያወጣ በርበሬ ሲልስ የዋለ ነው የሚመስለው።

ጀርመንን ያለ ልክ አመሰገንክ እንዳትሉኝ፣ እነሱም ጉድ አላቸው። ጨው ያለው ጥቁር ከረሜላ ይበላሉ። መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን ባቡር ውስጥ ነበርኩና መትፊያ አጥቼ ሦስት ጣቢያ በአፌ ይዤ ሄጃለሁ። ቸኮሌታቸው ግን ቸኮሌት ነው፤ ከአሜሪካኑ ጋር አይወዳደርም። ሰናይት ለውዝ ያለበትን በጣም ስለምትወደው ፍራንክፈርት እህቴ ጋ በሄድኩ ቁጥር አመጣላታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ… እሱን ለጊዜው ተዉት።

ወደ ጋሽ ታደለ ልውሰዳችሁ። ጋሽ ታደለ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጎረቤታችን ባለችው ከተማ ሴንቴኒያል ከልጃቸው ከሕይወት ጋር ይኖራሉ። በደርግ ጊዜ ላይፕዚግ ሄደው የኅትመት ሥራ ተምረዋል። እኔ በሳምንቱ ቀናት ኤርፖርት ሰው ሳመላልስ እውላለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ እሳቸውን ከቤተ ክርስቲያን ቤታቸው አደርሳለሁ። መኪናው ውስጥ ወሬያችን ጀርመን ነው። እሳቸው የምሥራቁን፣ እኔ የምዕራቡን ይዘን እንከራከራለን። የምንስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንጆሪ ቅርጽ ባላት፣ ላይዋ ስኳር በተነሰነሰባት ቀይ ጠንካራ ከረሜላ። እዚያ በሚዛን ተመዝና በወረቀት ከረጢት ነው የምትሸጠው። ጋሽ ታደለ ስለሷ ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንሳል።

ችግሩ እሳቸው ስኳር በሽታ አለባቸው። ሻያቸውን የሚያጣፍጡት ዘመድ ከጀርመን በላከላቸው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ጫን ሲሏት የምስር ፍሬ የምታህል አንዲት የማጣፈጫ ኪኒን ጠብ ታደርጋለች። እዚህ ካፌ ስትገቡ ግን በሮዝ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ ወረቀት የታሸገ ማጣፈጫ ይደረደርላችኋል። ሰው ሻይ ሊጠጣ ነው የገባው ወይስ ባንዲራ ሊመርጥ?

ባለፈው ሰኔ የእህቴ ልጅ ልታገባ ስትል ወደ ፍራንክፈርት ለመሄድ ተነሣሁ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሀበሻ መንገድ ሊሄድ መሆኑ ከተሰማ ሻንጣው የሱ አይደለም። አንዷ ቅባት፣ አንዱ የመኪና ዕቃ፣ ሌላዋ የልጅ ጫማ አዘዙኝ። ጋሽ ታደለ ግን የመኪናዬን በር ይዘው ቆሙና፣ ልጄ አንድ ነገር ባስቸግርህ አሉኝ። ያቺን ከረሜላ ነው። ሁለት ዓመት ነው እትዬ ሙሉ፣ ባለቤታቸው፣ ካረፉ፤ ከዚያ ወዲህ ከረሜላዋ አፌ ላይ እየመጣች አስቸገረችኝ አሉ። ሕይወት ነርስ ስለሆነች መጀመሪያ አይሆንም አለች፤ ብዙ ከተለመነች በኋላ ለአባቷ አንድ ፈቀደች። አንድ ብቻ፣ እሱም እሷ ፊት። ጋሽ ታደለም ክርክር አላነሡም፣ አንዷን በደንብ ካጣጣምኳት ይበቃኛል አሉ። ይህን ሲሉ አንጀቴን በሉት፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህቺን አደራ አደርሳለሁ ብዬ ማልኩ።

ሠርጉ አለፈ፣ ከረሜላው በወረቀት ከረጢት ተገዛ፣ አደራ ነውና በእጅ ሻንጣዬ ያዝኩት። አውሮፕላን የተሳፈርኩበት ቀን ዓርብ ነበር። የጾም ምግብ አስቀድሜ ባስመዘግብም አስተናጋጇ ስሜን ዝርዝሯ ላይ አላገኘችውም፤ ያላት ዶሮ ወይም አይብ ያለበት ፓስታ ነው። ግድ የለም፣ ዴንቨር ደርሼ እበላለሁ አልኩ። ዴንቨር ልንደርስ ስንል ነጎድጓድና የበረዶ ጠጠር መጣና አውሮፕላኑ ሌላ ከተማ አርፎ ሜዳ ላይ ቆመ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አራት ሰዓት! በር አይከፈትም። ሻንጣዬን ፈተሽኩ። የሰናይት ቸኮሌት ወተት አለው። ለልጆቼ የያዝኩት ለስላሳ ከረሜላ ደግሞ የሚረጋው ከአሳማ በሚወጣ ጄላቲን ነው። እሱን እንኳን ተምሬበታለሁ፤ ጀርመን በገባሁ ዓመት ዐቢይ ጾምን ሙሉ የጾም ነው ብዬ ስበላው ከርሜ፣ ለሆሣዕና አንድ ወዳጄ ጉዴን ነግሮኝ የንስሐ አባቴ እየሳቁ አሰግደውኛል። ስለዚህ ሻንጣዬ ውስጥ ከጾም ጋር የማይጣላ አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

አንዷን ነበር ያልኩት። አፌ ውስጥ ስትገባ ግን ፍራንክፈርት መጣችብኝ። ማታ ማታ ወለል የምጠርግበት የጥርስ ሐኪም ቤት ታየኝ፤ ሐኪሙ ራሱ መሳቢያው ውስጥ ይቺን ከረሜላ ይደብቅ ነበር። በሁለተኛዋ፣ ብርድ ልብስ ያዋሰችኝ የፎቁ አሮጊት ትዝ አለችኝ፤ ስሟን በቅጡ ሳልይዘው ነው የሞተችው። በሦስተኛዋ፣ ሰናይት ገና እጮኛዬ እያለች ባቡር ጣቢያ የተቀበልኳት ቀን። ያኔ ሁለታችንም ቀጫጮች ነበርን፤ እንዴት ደስ ይለን እንደነበር ሳስበው ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልቆጠርኩም። በሩ ሲከፈት ከረጢቱን አየሁት፣ ስድስት ቀርተዋል። ጾም እንዳልገድፍ ብዬ አደራ በልቼ አረፍኩት።

ቤት ገብቼ ለሰናይት ተናዘዝኩ። እውነቱን ንገራቸው የምትለኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቁልፍ አንሥታ ከአፓርታማችን ሥር ወዳለው ሱቅ ወሰደችኝ። በየዓይነቱ ከረሜላ ከተደረደረበት መደርደሪያ ቀያዩን መረጠች፤ ቤት ስንመለስ አንድ በአንድ ከወረቀቱ ፈትተን፣ ውኃ አስነክተን፣ ስኳር ላይ አንከባለልናቸው። እጇ ይፈጥናል፤ ከረሜላ ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ የኖረች ትመስላለች። የአሜሪካኑን ከሥር፣ ስድስቱን እውነተኞች ከላይ አድርገን የጀርመኑ ከረጢት ውስጥ ሞላን። ዘዴው የኔ ነው፤ ጋሽ ታደለ የተፈቀደላቸው አንድ ነው፣ አንዷን ከላይ ያነሣሉ፣ እውነተኛዋ ትደርሳቸዋለች፣ አለቀ። ሰናይት በዘዴው ተስማምታ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጠችኝ፣ የዋጋ ወረቀት የሚባል ነገር የትም ተለጥፎ እንዳይቀር፣ አንተ እንደሆንክ ትረሳለህ አለችኝ። መቼ ረስቼ አውቃለሁ ብላት ስኳሩን መጥረግ ቀጠለች።

እሑድ ሴንቴኒያል ደረስኩ። ሳሎኑ ውስጥ ሕይወት አለች፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አራት እንግዶችም ተቀምጠዋል። ጋሽ ታደለ ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁኝ፣ ከዚያ ከረጢቱን ከፍተው ወደ እንግዶቹ ዞሩ።

ወይ አለማሰብ! ሀበሻ ሽማግሌ ቤቱ እንግዳ አስቀምጦ መቼ ነው ራሱ ሲቀድም ያየሁት? ዘዴ ስፈጥር እንደ አሜሪካኖች ሁሉም የራሱን የሚበላበት ቤት ነበር ያሰብኩት። የመጀመሪያዋን ለአንዲት እናት ሰጡ። ጋሼ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ፣ ለእርስዎ ነው እኮ የመጣው ብዬ ተነሣሁ። እንግዳ ቁጭ ብሎ እኔ ልቀድም? ብለው ተቆጡኝ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛዋ ለሕይወት። ስድስተኛዋን ይዘው ወደ እኔ መጡ። በላሁ፣ ጠገብኩ፣ ጥርሴን አሞኛል ብል ማን ይሰማል? በሞቴ ብለው በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ። ከዚያ ያቺን የተፈቀደችላቸውን አንዷን አወጡ። ቻምበርስ ሮድ የተገዛችውን!

ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙ። እኔ እውነተኛዋን በጉንጬ ይዤ ላቤ ይንቆረቆራል። በመጨረሻ፣ ይኸው ላይፕዚግ፣ ይኸው ባቡር ጣቢያው አሉ። እንግዶቹም ዕልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ጋሽ ታደለ ደግሞ ስለ ጀርመን ስኳርና ስለ በቆሎ ሽሮፕ ልዩነት ግማሽ ሰዓት አስተማሩን። ተርፌያለሁ አልኩ፤ ግን እንዲህ ያለ መትረፍ አያስደስትም። ሰውዬው የለመኑኝ አንዲት ነገር ነበረች፣ እሷን እኔው ፊታቸው ቁጭ ብዬ እየመጠጥኳት ነው።

ስወጣ ልሸኝህ ብለው እስከ መኪናዬ መጡ። ግራ ቀኝ አዩና፣ እስቲ ምላስህን አውጣ አሉኝ። አወጣሁ። ጎንበስ ብለው በመኪናዬ መስታወት እያዩ የራሳቸውን አወጡ። በርበሬ! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ነው ያልኩት። ዓርቡን፣ ዶሮውን፣ የበረዶ ጠጠሩን አንዱንም ሳልደብቅ ዘረገፍኩና ይቅርታ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን መሳቅ ጀመሩ። እንደዚያ ሲስቁ እትዬ ሙሉ ካረፉ ወዲህ አላየኋቸውም። ከዚያ ሳቁ ቆመና የመኪናዬን በር ይዘው የራሳቸውን ታሪክ አጫወቱኝ።

ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ያኔ እጮኛቸው ለነበሩት ለእትዬ ሙሉ ያንኑ ከረሜላ ገዝተው ነበር። መንገድ ላይ አውሮፕላኑ ሁለት ቀን ቆመ፤ ራባቸውና ጨረሱት። አዲስ አበባ እንደገቡ ከፒያሳ ቀይ ከረሜላ ገዝተው በጀርመኑ ከረጢት ሰጧቸው። እትዬ ሙሉ አንዱን ጎርሰው፣ የውጭ አገር ነገር እኮ ያስታውቃል አሉ።

«ስትስቅ ምላሷ ቀይ ነበር» አሉኝ ጋሽ ታደለ። «እኔ ቁንጅናዋ መስሎኝ ሳይ ዋልኩ። በደብዳቤ ደግሞ ስንቴ ጽፌላት ነበር መሰለህ፣ የዚህ አገር ከረሜላ ምላስ አያቀላም ብዬ። አታለልኳት እያልኩ ስንት ዓመት ከነከነኝ። አንድ ቀን እውነተኛውን አስመጥቼ አቀምሳታለሁ እያልኩ ቀደመችኝ። ለካ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለች። እኔ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ላንተ ያደረግኩትን ነው እሷም ያደረገችልኝ።»

እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከረሜላዬን በደንብ ብታደርስልኝ ኖሮ ይህን ሳላውቅ እሞት ነበር ብለው ግንባሬን ሳሙኝና ገቡ።

ወደ ኦሮራ ስነዳ ያ ቅድም ተዉት ያልኳችሁ የቸኮሌት ጉዳይ መጣብኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከፍራንክፈርት ስመለስ የሰናይትን ቸኮሌት መግዛት ረስቼ፣ ሃቫና ጎዳና ላይ የውጭ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ገዝቼ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼላት ነበር። ቀመሰችና፣ ጀርመን እኮ ጀርመን ነው አለች። እኔም በብልጠቴ ኮርቼ ነበር።

ቤት ስገባ ሶፋው ላይ የልጆቹን ልብስ ታጥፋለች። ጋሽ ታደለ ነቁ ወይ? ብላ ጠየቀችኝ። ኧረ አልነቁም አልኳት።

ቀና ሳትል፣ «ጎበዝ» አለችኝ፤ «ዘንድሮስ የዋጋውን ወረቀት አንሥተሃል ማለት ነው።»