እማማ መጣሁ

በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰልፉ አንድ «ያዝልኝ፣ መጣሁ» ባይ አይጠፋም። ዕቃውን እጃችሁ ላይ ያኖርና የውኃ ሽታ ይሆናል። እናንተም የሰው ዕቃ አቅፋችሁ እንደ ሐውልት ትገተራላችሁ።

የዚህ ወገን ሁሉ ንግሥት ግን የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ማኅበር ኃላፊ፣ ክብርት እማማ መጣሁ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ጎርፉ የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ፣ ሰዉ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ የተጠለለ ጊዜ፣ እኔም አንድ ከረጢት አሮጌ ልብስ ይዤ ብቅ አልኩ። ሰጥቼ ልሄድ! «ጎሽ የኔ ልጅ! እስቲ ይቺን ቁልፍ ያዝልኝ፣ መጣሁ» አሉኝ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ነበር። ይኸው የዕቃ ቤት ኃላፊ ከሆንኩ ሰነባበትኩ።

ብርድ ልብሱ አጠረኝ ብሎ ሊጣላ የመጣ አንድ ተፈናቃይ «መሰላሉን ያዝልኝ» ተባለ። ለካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኖሯል፤ ቁጣውን ረስቶ የአዳራሹን መብራት ሁሉ ሲጠግን ዋለ። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ካሜራ አስከትለው ሊጎበኙ መጡ። እማማ አንድ የሚያለቅስ ሕፃን የባለሥልጣኑ ደረት ላይ ለጠፉና «ጌታው፣ ይያዙልኝ፣ መጣሁ» ብለው እብስ! ሰውዬው እሹሩሩ እያሉ ንግግር አደረጉ። ሕፃኑን እግዜር ያሳድገው፣ እንደዚያ ያለ አጭር ንግግር ሰምቼ አላውቅም።

እኔን ያብከነከነኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ሴትዮዋ እውነት ይረሳሉ ወይስ አውቀው ነው? ስጠይቃቸው «ውይ! ለካ ቁልፉ አንተ ጋ ነው?» ይሉኛል። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። በቃ፣ ልከታተላቸው ቆረጥኩ።

በዚያ ሰሞን አዳራሹ ጥግ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ጎርፉ ቤቷንም የስፌት መኪናዋንም ወስዶባታል። ከመጣች ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች፤ አትናገር፣ እህል አትቀምስ። እህቷ ማንኪያ ይዛ እየለመነቻት ታለቅሳለች። «እማማ፣ ዓይኔ እያየ ልታልቅብኝ ነው!»

አሁን ምክር ሊሰጡ ነው ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ምን ምክር አለ! ጉልበቱ ላይ ተጥፎ፣ መልሶ የተቀደደ የልጅ ሱሪ የልብስ ሰፊዋ እጅ ላይ ጣል አደረጉና «ልጄ፣ ይዘሽልኝ ቆዪ፣ መጣሁ» ብለው ሄዱ።

በዚህስ ተናደድኩ። ሰው ልትሞት፣ እሳቸው ሱሪ ያስይዛሉ! ልጋፈጣቸው ተከተልኳቸው። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አገኘኋቸው፤ ልብስ ሰፊዋን አጮልቀው እያዩ ያነበንባሉ። ጠጋ ብዬ ሰማሁ።

«ጌታዬ፣ እኔ አቅቶኛል። ይቺን ልጅ ያዝልኝ፣ መጣሁ።»

እግዜርንም! ሳቄ አመለጠኝ። ዞር ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ሳቄን ዋጥኩት፤ አንጀቴን በሉት። እሳቸው ግን እንባቸውን በነጠላ ጥረግ አድርገው «አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ? በል ይቺን መጋረጃ ያዝልኝ፣ መጣሁ!» አሉና ሄዱ።

መጋረጃውን ይዤ ቀረሁ። ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን እንደተሰጣት ይዛው ቆየች። ከዚያ ገለበጠችው። የጉልበቱን ጥፍ በጣቷ ዳበሰችና ፊቷ ተኮሳተረ።

«እጁ ይቆረጥና፣ ይሄን ማነው እንዲህ የጣፈው?» አለች።

እህቷ ማንኪያውን ለቀቀችው።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? መርፌ ፈልጊልኝ እንጂ!»

«እማማ፣ ተናገረች!» ብዬ ዞርኩ። ማን ቢኖር!

ቁልፉ ዛሬም ኪሴ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ትዝ ብሏቸው «በል አምጣ» ያሉኝ እንደሆነ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልሰጣቸውም።